ወደ ደጃፉ የዞሩት ምልክቶች

ወላሂ እውነት ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚጻፈውን እያነበብኩ "ይሄ ደግሞ ምን ይቀባጥራል" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጅኒ አየሁ የሚል ሰው ሱቄ ከመጣ "ሲመለስ ሰላም በልልኝ" ብዬ ነው የምሸኘው። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ፤ ሳቁ እንግዲህ።

2008 ዓ.ም.፣ ኅዳር ወር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም። ቢቸና ከተማ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባሕር ዛፍ ውስጥ።

ስሜ ሀሲና ነው። ሞጣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም፤ የጓደኛዬ የወይንእሸት ነው። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ራሷ ነግራኛለች። ወይንእሸት ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። ይህን ስትነግረኝ አልቀላም።

ወይንእሸት ሱቋ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ይጋራል። የባጃጅ ስቲከር ትቆርጣለች። ባሏ አንዷለም የቢቸና ሰው ነው፤ መሬት ቀያሽ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር።

"ነበር" ማለት እስካሁን ይከብደኛል።

ጨዋታውን ያመጣው እሱ ነው። አብሮት የሠራ አንድ ፈረንጅ አሳይቶት ለመደበት። ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ነገር ታስቀምጣላችሁ፤ ማበጠሪያ፣ ከረሜላ፣ ሎሚ፣ ያገኛችሁትን። ትደብቁታላችሁ። ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ለሌላ ሰው ትሰጣላችሁ፤ እሱ ፈልጎ ያገኘዋል፣ የራሱን ነገር ተክቶ ይመልሰዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። "ሥራ የፈታ ፈረንጅ" ብዬ ሳቅሁበት።

አንዷለም ግን ጨዋታውን የማታ አደረገው።

ከእኔ ሱቅ ሪፍሌክተር ይወስዳል፤ የጭነት መኪና ኋላ ላይ የሚለጠፈው፣ መብራት ሲያርፍበት ቦግ የሚለው። ወይንእሸት ጥፍር ጥፍር በሚያህል ትቆራርጠዋለች፤ ሹል ጫፍ ቶሎ ስለሚላጥ ጠርዙን ክብ ታደርገዋለች። ከዚያ ዛፍ ላይ ይለጥፉታል። ቀን አጠገቡ ብታልፉ አታዩትም። ማታ የግንባር ባትሪ አስራችሁ ስትገቡ ግን...

ከፊታችሁ አንዱ ቦግ ይላል።

እሱ ጋ ስትደርሱ ቀጣዩ።

"ብርሃኑን የሚመልሰው ለባለቤቱ ብቻ ነው" ይል ነበር አንዷለም። እውነቱን ነው። ባትሪ ሳትይዙ ማየት ከፈለጋችሁ ጉንጫችሁን ከባለ ባትሪው ጉንጭ ማስጠጋት አለባችሁ። እሱና ወይንእሸት ይህን ሕግ ለምን እንደወደዱት ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፣ ባልና ሚስት ናቸው።

ሌላም ሕግ ነበረው። ምልክቱ የሚለጠፈው በመጪው በኩል ባለው የዛፉ ፊት ብቻ ነው። አልፋችሁ ወደኋላ ብትዞሩ ጫካው ድፍን ጨለማ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ወዴት እንደዞረ ካያችሁ፣ መንገዱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ይህችን ያዙልኝ።

ሞጣ ላይ መምህሩም ነርሷም ሱስ ያዛቸው። ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ከሆነ "እዚህ ጋ ታጠፍ" ማለት ነው። አንድ የጤና መኮንን ሁለቱን አየና ታጠፈ። እንደገና ሁለት አየና ታጠፈ። በሦስተኛው ምልክቶቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጅብ ነበር። ሰውየው ከዚያ ወዲያ "ጅብ ተከታይ" ተብሎ ቀረ።

እንዲህ እየሳቅን ነበር እንግዲህ...

ጥቅምት እንደገባ አንዷለም ከየጁቤ ወዲያ ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ ወረደ። ከላይ በጣለ ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ነበር። አመሻሽ ላይ ሲሻገሩ ወሰደው።

ጓዶቹ መጨረሻ ያዩት የግንባር ባትሪውን ነው። ብርሃኑ ከውሃው ሥር ሆኖ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ጠፋ።

ዋናተኛ ወረደ፣ ዘመድ ወረደ፣ ከጉንደ ወይን ድረስ ሰው መጣ። ሬሳው አልተገኘም።

በእነሱ ወግ ሬሳ ባይገኝም ይለቀሳል። የሟቹ ልብስ ደጅ ላይ ይዘረጋል፣ አገሩ ይሰበሰባል፣ ፍትሐት ይደረጋል። ለቅሶው ሳይወጣ ግን "እግዜር ያጥናሽ" የሚል የለም። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም ሟርት ነው።

ወይንእሸት እምቢ አለች።

"ልብስ አላስለቅስም" አለች። "ሰው እንጂ ልብስ አይለቀስም።"

ልብሱን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረች። ሱቋን ዘግታ ሻንጣውን ይዛ ቢቸና አማቷ ዘንድ ገባች፤ ከሻንጣው አጠገብ ላትነሳ።

አማቷ እማማ ይርጋነሽ ይባላሉ። አንዷለም አንድ ልጃቸው ነው። ምራታቸውን አልተቆጡም፣ ሻንጣውንም አልነኩም። ማታ ማታ ግን ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሱ ነበር። ወይንእሸት እየሰማች ዝም ትላለች። እኔ ጓደኛዬን እወዳታለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ጨካኝ ነበረች። ሁለት ሴቶች በአንድ ሰው ሞት አንዷ ሌላዋን አስራ ተቀመጠች።

በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው አባ ሣህለ ማርያም ገቡበት።

"እስከ ኅዳር ጽዮን ጠብቂ" አሏት። "ከዚያ በኋላ ግን ቁልፉን ትሰጫለሽ። እናትም ወግ አላት፣ ነፍሱም ፍትሐት ትሻለች።"

"እስከዚያ ከመጣስ?" አለች።

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

በማግስቱ ሞጣ ሱቄ መጣች።

"ሪፍሌክተሩን ጥቅልሉን በሙሉ ስጪኝ።"

"ለምንሽ ነው?"

"መንገድ ልሠራለት።"

"ለማን?"

እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። "ባትሪው ግንባሩ ላይ ነው ሀሲና" አለች። "ማታ ከመጣ ያየዋል።"

ምን ልበላት? ሰጠኋት።

ቢቸና ተመልሳ ከዋናው መንገድ ጀምራ፣ ባሕር ዛፉን አቋርጣ፣ እስከ ቤቱ ደጃፍ ለጠፈች። ድንጋይ ላይ እየቆመች፣ ልክ በእሱ ዓይን ቁመት። ሁሉንም ወደ ዋናው መንገድ አዞረች። ከመንገዱ የሚመጣ ሰው ብቻ ያያቸዋል፤ ከቤቱ ለሚወጣ ጫካው ጨለማ ነው። እንዲህ የሚያምር መንገድ ሠርታ አታውቅም፤ ራሷ ናት ያለችኝ።

እማማ ይርጋነሽ ደጃፍ ቆመው ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሏት።

"ልጄ... መንገድ እኮ መርጦ አያመጣም።"

በየምሽቱ ባትሪዋን አስራ፣ ሳታበራው ወደ ዋናው መንገድ ትሄዳለች። ከዚያ ዞራ ታበራውና ምልክቶቿን እየተከተለች ትመለሳለች። አንዱም እንዳልተላጠ ማየቷ ነው።

አንድ ምሽት የመጀመሪያው ዛፍ አልበራም።

ተላጠ ብላ አለፈችው። ጠዋት ሄዳ ብታይ ምልክቱ አለ። ያለው ግን በዛፉ ጀርባ ነው... ወደ ቤቱ ዞሮ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ዕቃ ዕድሜዬን ሙሉ ሸጬዋለሁ። አንዴ ከተለጠፈ ሳይቀደድ አይነሳም። ይኼኛው አልተቀደደም። መጀመሪያ የነበረበት ቅርፊት ላይም የሙጫ ምልክት የለም፤ ምንም ተለጥፎበት እንደማያውቅ።

"ልጆች ናቸው" አሉ እማማ ይርጋነሽ።

ወይንእሸት ጣቷን አስነካችው። ኅዳር ነው፤ ዝናብ ካቆመ ሰነባብቷል። ምልክቱ እርጥብ ነበር።

በሚቀጥለው ምሽት ሁለተኛውና ሦስተኛው ዞረዋል።

ከዚያ ሌሎቹ...

መዞሩ በየቀኑ ወደ ቤቱ እየቀረበ መጣ። የጎረቤት ውሻ ነበር፣ ጥላውን አይቶ የሚጮህ። በነዚያ ምሽቶች አንድ ጊዜም አልጮኸም። ወደ ባሕር ዛፉ እያየ ጭራውን ይቆላ ነበር።

ደወለችልኝ።

ጸጉሯን ታጥባ መሠራቷን፣ ለእሱ ራት ማስቀረት መጀመሯን ነገረችኝ። ድምፅዋ የሙሽራ ድምፅ ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ።

"ሀሲና... መጥቷል።"

"አይተሽዋል?"

"ገና ነው። እየቀረበ ነው።"

ሱቄን ለወንድሜ ትቼ ቢቸና ገባሁ። የጽዮን ዋዜማ ነበር። ነገ ቁልፉን የምትሰጥበት ቀን ነው።

መሸ። አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ሦስታችን ደጃፍ ወጣን። ወይንእሸት ባትሪውን ግንባሯ ላይ አሰረች። እኔ በቀኝ፣ እማማ ይርጋነሽ በግራ ጉንጫችንን ከጉንጯ አስጠጋን። ጉንጯ ይግል ነበር።

አበራችው።

ያ አላህ...

ባሕር ዛፉ በሙሉ በራ። ከደጃፉ ዛፍ ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ፣ አንዱም ሳይቀር ወደ እኛ ዞሯል።

"አየሽ?" አለች በሹክሹክታ። "አየሽ?"

"ወይንእሸት... ይኼ እኮ መምጫ አይደለም።"

"እ?"

"ወደ እኛ ነው የዞሩት። ይኼ ከቤት የሚወጣ ሰው መንገድ ነው።"

 ከእኔ በላይ እሷ ታውቀዋለች፤ ሠሪዋ እኮ ናት። ስታውቀው ሰንብታለች።

"እየጠራኝ ነው በያ" አለች፣ እርምጃ ጀመረች።

እማማ ይርጋነሽ ክንዷን ያዙ። "ሳልይዝሽ አትሄጂም።"

እኔም በሌላው በኩል ያዝኳት። ፈርቼ ነበር። ቤት ብቻዬን መቅረቱ ደግሞ ባሰብኝ።

በየዛፉ አለፍን። ቅጠሉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የሦስት ሴቶች እግር ነው... ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ከኋላ የአንድ ሰው። ቆምን። እሱም ቆመ።

"አትዙሩ" አሉ እማማ ይርጋነሽ፣ ቀስ ብለው።

ዋናው መንገድ ላይ ደረስን። እዚህ ያበቃል። ወይንእሸት ከዚህ ወዲያ አንድም አልለጠፈችም።

ከመንገዱ ማዶ የጤፍ ማሳ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተነስቷል፤ ዛፍ የለም፣ አጥር የለም፣ ቁጥቋጦ እንኳ የለም። ከማሳው ወዲያ ገደል ነው። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ ዞሮ ዞሮ ዓባይ የሚገባ።

ባትሪውን ወደ ማሳው አቀናች።

ምልክቶቹ ቀጥለዋል።

ባዶ ማሳ ላይ... በረጅም ሰው ዓይን ቁመት... ምንም ሳይዛቸው አየር ላይ ተሰልፈው ያበራሉ። እስከ ገደሉ አፍ።

 ማንበብ የማውቀው ቁርዓን ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

"ልቀቁኝ" አለች ወይንእሸት። አልጮኸችም፤ ለመነችን። "እማ፣ እባክዎ ይልቀቁኝ። ብቻውን ነው እኮ። ብርድ ነው።"

ጎተተችን። አቅሟን እኔ አላውቀውም ነበር፤ ሁለታችንንም ይዛ መንገዱን ተሻገረች። እግራችን ማሳው ውስጥ ገባ።

ያኔ እማማ ይርጋነሽ ቆሙ።

ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ አሸረጡ። ከጥቅምት ጀምሮ በጋቢ የታፈነው ድምፅ ወጣ።

"ወንዙ ምን ጎደለው፣ ወንዙ ምን አነሰው፣
የኔን አንድ ፍሬ ጠጥቶ ጨረሰው።"

ከፊታችን ያለው የመጀመሪያው ምልክት ጠፋ።

ወይንእሸት ደነገጠች።

"አንዷለሜ!" አሉ እናት፣ ደረታቸውን እየመቱ። "ልጄ! ወንድ ልጄ!"

ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛው። ማሳው ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ገደሉ እየጨለመ ሄደ።

"እማ ይተዉ" አለች። "እማ... እየሄደ ነው፣ ዝም ይበሉ!"

የአማቷን አፍ በእጇ አፈነች።

ምልክቶቹ መጥፋት አቆሙ። ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፣ ገደሉ አፍ ላይ።

እማማ ይርጋነሽ አልታገሏትም። እንደ ታፈኑ ቆመው ምራታቸውን አዩዋት። እንባቸው በወይንእሸት ጣቶች ላይ ይወርዳል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዓይን አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም እንዳያሳየኝ። "አንቺ ባልሽን፣ እኔ የወለድኩትን" የሚል ዓይን ነው። 



ገደሉ አፍ ላይ ያሉት ያበራሉ። እየጠበቁ ነው።

ወይንእሸት ወደዚያ አየች። ወደ አማቷ አየች። 

ከዚያ እጇን ከአማቷ አፍ ላይ አነሳች።

ቁልፉን ከአንገቷ በጠሰችና በአማቷ መዳፍ ላይ አደረገች። እንዲህ አድርጋ፣ የእናትየውን ጣቶች በእጇ ከደነቻቸው።

"ያልቅሱት" አለች። "እማ፣ ያልቅሱት።"

እናት አለቀሱ። ወይንእሸትም አለቀሰች፤ ስሙን እየጠራች፣ መሬት ላይ ወድቃ። እኔም አለቀስኩ። ሦስታችን የጤፍ ቃርሚያ ላይ ተቀምጠን ተላቀስን። ቀና ስንል ማሳው ድፍን ጨለማ ነበር።

በማግስቱ ጽዮን ነው፤ በማግስቱ ማግስት ለቅሶው ወጣ። ሻንጣው ተከፈተ፣ ልብሱ ደጅ ላይ ተዘረጋ፣ ፍትሐት ተደረገ። አገሩ መጣ። ጾም ስለነበር እኔም ከቤቱ ሰዎች ጋር ሽሮ በላሁ። እማማ ይርጋነሽ "እግዜር ያጥናዎ" ሲባሉ እየዋሉ ፊታቸው ቀለል ሲል አየሁ። ወይንእሸትም ጥቁር ለብሳ፣ ልብሱ ፊት ቆማ፣ የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። አለቀ ብዬ አመንኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ወደ ሞጣ ተመለስኩ። የሞጣ ጓደኞቿ ለቅሶ ሊደርሱ አይሱዙ ተኮናተሩ፤ እኔም አብሬ ልመለስ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ቢቸና ስንደርስ መሽቶ ነበር።

መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ቤቱ ታጠፈ። መብራቱ ባሕር ዛፉ ላይ አረፈ። ዛፎቹ ላይ ምንም አልበራም፤ ወይንእሸት በለቅሶው ማግስት አንድ በአንድ ልጣ ጥላቸዋለች።

ከፊታችን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ከኋላዋ አወቅኋት።

"ያቺ ሴት ጀርባዋ ላይ የለጠፈችው ምንድን ነው?" አለ ሾፌሩ።

በሁለት ትከሻዋ መሐል... ጥፍር የምታህል፣ ጠርዟ ክብ የሆነች ምልክት... ቦግ ብላለች።

መኪናው ሳይቆም ወረድኩ። እንደወረድኩ ምልክቱ ከዓይኔ ጠፋ፤ ከመብራቱ ርቄያለሁና። ሮጬ ደረስኩባትና ጀርባዋን ዳበስኩ። ጨርቅ ብቻ ነው። ጨርቁ እርጥብ ነው።

"ወይንእሸት... ማነው የለጠፈብሽ?"

አልዞረችም።

"ተይው።"

"ላንሳልሽ፣ ቆይ..."

"ተይው ሀሲና።" እያለቀሰች ነበር። "ዛፉን ሁሉ ላጥኩበት እኮ። በምን ያግኘኝ?"

ትታኝ ወደ ቤቱ ሄደች። እኔ መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ መብራቱንም አጠፋ፤ ሰዎቹ ከኋላ መውረድ ጀመሩ። ጨለማ ሆነ።

እኔ ባትሪ አልያዝኩም፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ምልክት ግን በራልኝ።

እየራቀች ስትሄድ እስከ ደጃፉ ድረስ ታየኝ። ከአጠገቤ፣ በቀኝ ጉንጬ በኩል፣ አንድ ሰው ከውሃ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ በረጅሙ ተነፈሰ።